ከቀትር የተወለደ ቃል

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ አውርቼዋለሁ፤ ችግሬም ከዚያው ይጀምራል። አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያወራ ሰው ውሎ አድሮ የሚያስታውሰው የሆነውን ሳይሆን ያወራውን ነው። ስለዚህ ቬንትሌተሩ ከጣሪያ የሚንጠለጠል ነበር ወይስ በእግሩ የሚቆም ብሎ የሚጠይቀኝ ቢመጣ፣ በእግሩ የሚቆም ነበር ብዬ እመልሳለሁ፤ ምክንያቱም ታሪኩ ያለዚያ አይሄድልኝም።

በእርግጠኝነት መናገር የምችለው ጋምቤላ ከተማ፣ ከገበያው በስተጀርባ፣ ከአንድ ሱቅ ጋር በተያያዘ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይቼ እኖር እንደነበር ነው። ሥራዬ በትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ለሚያስተምሩ መምህራን የእንግሊዝኛ ሥልጠና መስጠት ነበር። መኪና በማይኖርበት ቀን፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ፣ ከተማ እውላለሁ። አከራዬ በጎልማሳነታቸው ከወሎ መጥተው የቀሩ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው። ጀሪካን፣ አጎበር፣ የእጅ ባትሪና የፕላስቲክ ጫማ ይሸጣሉ። ሚስታቸውን የቀበሩት፣ አንድ ሴት ልጃቸውን አሳድገው ለነርስነት ያበቁት እዚሁ ነው። በግቢው መካከል የቆመውን ማንጎም በእጃቸው ተክለውታል፤ ማንጎው አሁን ከእሳቸው ይበልጥ የቤቱ ባለቤት ይመስላል።

አንድ ቀን ከጤና ጣቢያ የመድኃኒት ከረጢት ይዘው ተመለሱና ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። ይሁን እንጂ ያሳሰባቸው ግፊቱ አልነበረም።

“መምህር፣” አሉኝ፣ “አንተ እንግሊዝኛ የተማርህ ሰው ነህ። ሐኪሙ ‘አባባ፣ ካልም ይሁኑ’ አለኝ። ምን ሁን ማለቱ ነው?”

“ይረጋጉ ማለቱ ነው፣ አባባ።”

“ታዲያ ይረጋጉ አይልም ነበር?”

“ሐኪሞች እንዲህ ይናገራሉ።”

“የለም፣ የለም። ተረጋጋማ ባለቤቴም፣ አላህ ይዘንላትና፣ ዕድሜ ልኳን ስትለኝ ነው የሞተችው። አልሠራም። ይኼ ሌላ መድኃኒት ነው። ሥሩን ፈልግልኝ።”

የቃል ሥር ፈልግልኝ ተብዬ በሕይወቴ የተጠየቅሁት ያኔ ብቻ ነው። ለዚያ የሚያበቃ ትምህርት ተምሬ፣ ለዓመታት ጠያቂ አጥቼ የኖርሁ ሰው ነኝና ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም። ዳሩን ምስጥ የበላውን ወፍራም መዝገበ ቃላቴን አውጥቼ ማንጎው ሥር ተቀመጥሁ።

አማርኛችን በዚህ ረገድ ድሃ አይደለም። ጸጥታ የሚል ቃል አለን፤ ግን ጋምቤላ ውስጥ ጸጥታ ሲባል ሰው ፖሊሱ በየት በኩል እንደመጣ ዞር ዞር ብሎ ያያል። ዝምታ አለን፤ ዝምታ ግን ግማሹ ኩርፊያ ነው። እርጋታ የሰው ጠባይ ነው። ለነገሩ በጣም የሚቀርበው ረጭታ ሳይሆን አይቀርም፤ ያ ሰውም፣ ከብትም፣ ቅጠልም በአንድ ጊዜ የሚገቡበት ነገር። ካልም ግን፣ መዝገበ ቃላቱ እንደሚለው፣ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳዮቹም በበኩላቸው ከሜዲትራንያን ባሕር ሰዎች ሳይወስዱት አልቀሩም። መርከበኞች ነፋስ ጠፍቶ ሸራቸው ሲረግብ፣ ባሕሩም እንደ ዘይት ሲተኛ የሚናገሩት ቃል ነበር። ከዚያ ኋላ በላቲን፣ ከላቲንም ኋላ በግሪክ፣ ቃሉ “ካውማ” ነው፤ ካውማ ደግሞ ጸጥታ ማለት አይደለም። ቃጠሎ ማለት ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም አራሹ ሞፈሩን ጥሎ፣ እረኛው መንጋውን ሰብስቦ ጥላ ሥር ይገባል፤ አገር ምድሩ ረጭ ይላል፤ ያ ረጭታ ስሙን ከሙቀቱ ወረሰ። መዝገበ ቃላቱ እዚህ ላይ “ሳይሆን አይቀርም” የምትል ጥንቃቄ ጣል አድርጓል። ለአከራዬ ሳስረዳ ያችን ጥንቃቄ የረሳኋት ይመስለኛል።

“እንዴ!” አሉ። “ካልም ሙቀት ነው?”

“ከሙቀት የመጣ ነው እንጂ አሁንማ—”

“ቀትር ነው በለኛ! ሐኪሙ ቀትር ሁን ነው ያለኝ። ቀትር ላይ ሱቅህን ዝጋና ተኛ! ወላሂ፣ የተማረ ሰው ጎረቤት መሆን ደግ ነው።”

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሱቁ ይዘጋ ጀመር። የጠፍር አልጋቸው ማንጎው ሥር ተዘረጋ፤ ከሳሎን እስከ አልጋው ድረስ ገመድ ተስቦ ቬንትሌተሩ ራስጌ ቆመ። መድኃኒቱ ተሟላ፤ የጎደለው እንቅልፉ ብቻ ነበር።

እንቅልፉን የከለከላቸው ከላሜራው አጥር ወዲያ ያለው የብየዳ ቤት ነው። ባለቤቱ ሳቂታ የአኙዋ ወጣት ሲሆን በር፣ የመስኮት ፍርግርግና የብረት አልጋ ይሠራል። እኔን ቲቸር፣ አከራዬን ደግሞ መካ ሄደው ሳያውቁ ሐጂ ብሎ ይጠራናል። “እርስዎ” የሚለውን ቃል አሳምሮ ያውቀዋል፤ ግን ለሚከፍል ደንበኛ ቆጥቦ ያስቀምጠዋል። በዚያ ሰሞን መብራት ወደ ሰፈራችን የሚመጣው ሲፈልግ ነበር፤ አብዛኛውንም ጊዜ የሚፈልገው እኩለ ቀን አካባቢ ነው። ብየዳ ደግሞ መብራት የጠራው ዕለት “ቆይ” አይባልም።

ነገሩ እንዲህ ይሆናል። መብራት ሲመጣ ቬንትሌተሩ ይነሣል፤ አከራዬም ዓይናቸውን ይከድናሉ። በዚያው ቅጽበት ብረት መቁረጫው ግራይንደር ቱቦላሬ የሚሉትን የብረት ቱቦ ይይዝና ግቢው በጩኸት ይሞላል። ልጁ ግራይንደሩን አስቀምጦ ብየዳውን ሲያስነካ ደግሞ የሰፈሩ መብራት ወደ እሱ ያዘነብላል፤ ቬንትሌተሩ እንደታመመ ሰው አቃስቶ ሊቆም ይደርሳል። መብራት ሲሄድ ጩኸቱም አብሮ ይሄዳል፤ ፍጹም ረጭታ ይወርዳል። ግን ያኔ ቬንትሌተር የለም፤ ላብ ነው፣ ዝንብ ነው። ጸጥታው የሚመጣው ከሙቀቱ ጋር ብቻ ነበር። ግሪኮቹ ይህን አስቀድመው ያወቁት ያለ ብየዳ ቤት መሆኑ ያስደንቀኛል።

ለሽምግልና የተላክሁት እኔ ነኝ።

“ቲቸር፣ እኔም እኮ መተኛት እወዳለሁ፤” አለኝ ልጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። “ግን ሐጂን የሚያነፍሰው መብራትና እኔ የምበይድበት መብራት አንድ ነው። መብራት ሲሄድ እኔ ዝም እላለሁ። ያኔ ይተኛ።”

“ያኔ ቬንትሌተሩ አይሠራማ።”

“እሱም የኔ ጥፋት ነው?”

የሎጂክ ትምህርት የወሰድሁት እኔ ነበርሁ፤ የተጠቀመበት ግን እሱ ነው። የመለሰውን ይዤ ስመለስ አከራዬ “አንተ ልጅ!” ብለው በአጥሩ ላይ ጮኹ። “እንቅልፌን እየበየድህብኝ ነው!”

“ክፍት ከሆነ ነው የምበይደው፣ ሐጂ! ዓይንህን ዝጋ!” የሚል መልስ መጣ፤ ሁለቱም ሳቁ። አከራዬ ግን ወዲያው ሳቃቸውን ቆረጡት፤ ለምን እንደቆረጡት አውቅ ነበር።

ልጃቸው ጅማ ነርስ ናት። በየምሽቱ ትደውላለች፤ በየምሽቱም የምትለው አንድ ነው፦ ግፊቱ ካልወረደ ሱቁን ዘግተው ጅማ እሷ ጋ ይገባሉ። ሙቀቱ ነው የሚገድልህ፣ አባዬ። እረፍት ወስጄ እመጣለሁ፤ ራሴ እለካሃለሁ፤ ከፍ ካለ ይዤህ ነው የምመለሰው። አከራዬ ይህን ሲሰሙ ማንጎውን ቀና ብለው ያያሉ። “ጅማ ለቡና እንጂ ለሰው አይሆንም፤” ይሉኛል ስልኩ ሲዘጋ። “ሲዘንብ ይውላል። ደግሞስ እሷ ሥራ ስትውል እኔ ከማን ጋር ነው የምጨቃጨቀው?” ከሚስታቸው መቃብር ርቀው መሞትን ግን አፍ አውጥተው አይናገሩትም፤ እኔም አልጠይቅም።

የቃሉን ሥር ካገኘሁ በኋላ ስልኩ ላይ አዲስ ክርክር ገባ። “የኔ ሸጋ፣ መምህሩ በመጽሐፍ አይቶታል፤ መረጋጋት ከሙቀት ነው የተወለደው። ግሪኮች ያውቁታል። አንቺ ግሪክ ነሽ?” ልጅቷ ስልኩ እንዲሰጠኝ ጠየቀች። ድምፅዋ የታካሚ ቤተሰብን ከክፍል የሚያስወጣ የነርስ ድምፅ ነበር። “መምህር፣ እባክዎ አባቴን በመጽሐፍ አይደግፉብኝ።” ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ግን ሥሩን መልሼ መቅበር አልችልም ነበር።

የመጣችው መጋቢት ላይ ይመስለኛል፤ ባሮ ቀጥኖ፣ አሸዋው ወጥቶ፣ ከተማው እንደ ምጣድ የጋለበት ሰሞን ነው። አውቶቡሱ ከአንድ ቀን በፊት ማለዳ ጅማን በብርድ ለቆ መንገድ ላይ አድሮ ስለነበር ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራለች። ከሌሊት ተረኝነት ቀጥታ ወደ መናኸሪያ የሄደች መሆኗን ነገረችን፤ ለዚህም ምስክር የሚሆኑት ዓይኖቿ ነበሩ። አባቷን አቅፋ ስማ፣ ውኃ ጠጥታ፣ የግፊት መለኪያውን ከቦርሳዋ አወጣች። ከወዲያ ግራይንደሩ ይጮኻል።

ለካች። ፊቷ ጠቆረ።

“አየህ፣ አባዬ?”

“ይኼ የኔ ግፊት አይደለም። የእሱ ነው፤” አሉ ወደ አጥሩ እየጠቆሙ።

“ልብስህን አዘጋጅ።”

“ቀትር ይሁንና ድገሚኝ። በአላህ፣ አንድ ጊዜ ድገሚኝ።”

ጨርቁን ከክንዳቸው ፈታች። “አንድ ጊዜ ብቻ፤” አለች። “ካልወረደ በነገው አውቶቡስ አብረን ነን። ይኸው መምህርም ሰምተዋል።” መምህር ሰምቷል።

ስድስት ሰዓት ሲሆን አባት ዱካቸው ላይ፣ ልጅ የጠፍር አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። የመለኪያውን ጨርቅ ክንዳቸው ላይ ጠቀለለች፤ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰካች፤ የመለኪያውን ባለ መርፌ ሰዓትም ጭኗ ላይ አስቀመጠች። “ከመለካቴ በፊት ትንሽ ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ አትናገር፤” አለች። በዚህ ጊዜ መብራት ሄደ። ግራይንደሩ ቱቦላሬው ወገብ ላይ እንዳለ ድምፁ እየወረደ፣ እየወረደ ሞተ። ቬንትሌተሩ ጥቂት ተንገዳግዶ ቆመ።

ከዚያ የሆነውን ለመግለጽ ስንት ጊዜ እንደሞከርሁ አላውቅም። ሙቀቱ ከሰማይ ሳይሆን ከመሬት የመጣ መሰለ። ዶሮዎቹ ክንፋቸውን ከፍተው አፈር ላይ ተኙ። ከገበያው በኩል ይሰማ የነበረው የባጃጅ ጥሩምባ ተቋረጠ። የማንጎው ቅጠል አንዱም አልተነቃነቀም። አዛን የሚያሰማው ድምፅ ማጉያ እንኳ ከመብራቱ ጋር ሄዶ፣ ሙአዚኑ በባዶ ድምፁ ከሩቅ እንደ ሐሳብ ያህል ብቻ ተሰማ። የነርሷ አንገት ወደ ጎን ዘንበል አለ፤ ትከሻዋም ተከተለ፤ መላ አካሏ ቀስ ብሎ አልጋው ላይ አረፈ። ማዳመጫው ጆሮዋ ላይ እንደተሰካ፣ መለኪያውን በእጇ እንደያዘች አንቀላፋች።

አከራዬ ሊነሡ አሉና ቆሙ። ጨርቁ ክንዳቸው ላይ ነው፤ ከጨርቁ የወጣው ቱቦ ደግሞ ልጃቸው እጅ ውስጥ። ቢነሡ ትነቃለች። እንደ ታሰረ በግ በቱቦው ርዝመት ልክ ተቀመጡ።

“ዙሁር ሶላትስ?” አልኋቸው በሹክሹክታ።

“ወቅቱ ሰፊ ነው፤” አሉ ከንፈራቸውን ብቻ አንቀሳቅሰው። “እንቅልፏ ጠባብ ነው።”

በአንድ እጃቸው ግቢውን ማስተዳደር ጀመሩ። ባትሪ ፈልጎ የመጣ ደንበኛ ገና “ሰላም—” ሲል ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። እኔ ባትሪውን አወጣሁለት፤ ሰውየው በጣት ተከራከረ፣ በጣት ተስማማ፣ እንደ ለቀስተኛ ጎንበስ ብሎ ወጣ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ግብይት ሱቁ ውስጥ አይቼ አላውቅም። አንድ አውራ ዶሮ ለመጮኽ አንገቱን ሲሰቅል አከራዬ ነጠላ ጫማቸውን ወረወሩ። ጫማው አልመታውም፤ ግን ሐሳቡን አስቀየረው።

በዚህ መካከል በያጁ ውኃ ሊጠይቅ በላሜራው አጥር መካከል ባለው በር ብቅ አለ። በሩ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ጮኸ። ሦስታችንም ተሸማቀቅን። ልጅቷ ተገላበጠች፤ ቱቦው ተወጠረ፤ አከራዬ አብረው ከነዱካቸው ዘንበል አሉ። አልነቃችም።

“ሐጂ፣ ማን ናት?”

“ልጄ። ካልነቃች እዚሁ እኖራለሁ። ከነቃችና ለክታኝ ከፍ ካለ ጅማ ነኝ።”

ልጁ ይህን ከዚያ በፊት አልሰማም ነበር። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። “አያቴ በቀትር የተኛ ሰው አይቀሰቀስም ትል ነበር፤” አለ። ከዚያ ብድግ አለ። “ቲቸር… ግራይንደሩን አላጠፋሁትም።”

ወዲያው ገባኝ። መብራቱ ሲሄድ ማብሪያው እንደተከፈተ ነበር የቀረው። መብራት በተመለሰባት ቅጽበት መሣሪያው ጠረጴዛው ላይ ለብቻው ሊያብድ ነው። መብራቱ ደግሞ አሁን ሊመጣ ይችላል፤ ማታም ሊመጣ ይችላል። በበሩ እንዳይመለስ በሩ ይጮኻል። አከራዬ፣ ለወራት “ያን በር ዘይት ቀባው” እያሉ የጮኹት ሰውዬ፣ እጃቸውን ወደ አጥሩ ዘረጉ፦ ዝለል።

ጫማውን አወለቀ። እኔ እጄን አቆላለፍሁለትና ረገጠኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ለሰው ይህን ያህል የጠቀምሁበት ጊዜ የለም። የጋለው ላሜራ መዳፉን ሲያቃጥለው አየሁ፤ ግን አልጮኸም፤ አፉን ብቻ በኃይል ከፈተ። ወዲያ ማዶ ተወርውሮ ካረፈ ከጥቂት ቅጽበት በኋላ ሱቁ ውስጥ ያለው ፍሪጅ ጉርምርም አለ። መብራት መጣ። የሰፈሩ ልጆች “መጣ!” ሊሉ አየር ሲስቡ እንኳ የሰማሁ ይመስለኛል። ግራይንደሩ ግን አልጮኸም። ከአጥሩ በላይ አንድ እጅ ወጣ፤ ሶኬቱን ከነገመዱ እንደ ገደሉት እባብ ይዞታል።

ቬንትሌተሩ ተነሣ። ንፋሱ የልጅቷን ፀጉር ገለጥ ገለጥ ያደርግ ጀመር። ልጁ በዚያን ዕለት ማታር ለሚሄድ መኪና የሚያደርሰው የብረት አልጋ ነበረው፤ ሁለት እግሩ ብቻ እንደቀረው ነግሮኛል። መብራቱም በሙሉ ጉልበቱ መጥቷል። አልበየደም። አጥሩን ተደግፎ ተቀመጠ፤ በላሜራው ክፍተት የሸሚዙ ቀለም ይታየኝ ነበር። አከራዬም አዩት። ነጻ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

ስትነቃ ፀሐይ ወደ ባሮ ማዘንበል ጀምራለች። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ፣ አባቷን የቱቦው ጫፍ ላይ አገኘቻቸው።

“ተኝቼ ነበር?”

“አይ፣ የኔ ሸጋ። ካልም ሆነሽ ነው።”

አልሳቀችም። ዙሪያዋን አየች፤ ማንጎውን፣ የቆመውን ዶሮ፣ ቬንትሌተሩን። “ስንት ጊዜዬ ነው እንዲህ ከተኛሁ፤” አለች፤ ለማን እንደሆነ አልታወቀም። ከዚያ ጨርቁን አስተካከለች፤ ነፋች፤ ለቀቀች፤ አዳመጠች። እኔ ትንፋሼን ያዝሁ፤ ከአጥሩ ወዲያም ሌላ ትንፋሽ የተያዘ ይመስለኛል።

“ወርዷል፤” አለች።

ማስጠንቀቂያዋ ብዙ ነበር፦ መድኃኒቱ በሰዓቱ፣ ጨው በትንሹ፣ ጤና ጣቢያ በየወሩ። ግን ወርዷል። የእረፍት ጊዜዋን ጨረሰች፤ ቀትር ቀትርም ከአባቷ አልጋውን ነጥቃ ተኛች፤ ከዚያ ለብቻዋ አውቶቡስ ላይ ወጣች። ልጁ በሩን ዘይት ቀባው። ግራይንደሩን ከስምንት ሰዓት በፊት ላለመንካትም ተስማማ፤ ይህን ስምምነት አንዳንድ ቀን ያከብረዋል።

አንድ ነገር ግን አይለቀኝም። “ወርዷል” ስትል ዓይኗ የመለኪያው መርፌ ላይ ሳይሆን አባቷ ፊት ላይ ነበር። ቢያንስ እኔ የማስታውሰው እንዲህ ነው፤ ማስታወሴ ደግሞ ምን ያህል እንደሚታመን መጀመሪያ ላይ ተናግሬያለሁ። ጤና ጣቢያው በኋላ የለካው ደህና ስለነበር፣ ነገሩ ምናልባት ማሰብ የማያስፈልገኝ ነገር ነው። በቅርቡ ግን ጋምቤላ ስሄድ ጎራ አልኋቸው። ማንጎው ሥር ጋደም ብለዋል፤ መብራቱ ገና መሄዱ ነው።

“አባባ፣” አልሁ፣ “ያን ዕለት ልጅዎ የመለኪያውን መርፌ አይታው ነበር?”

አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ።

“መምህር፣” አሉ፣ “ቀትር ነው።”

መልሰውም ከደኑት።